ሃያ አንዱ የማን ልጆች ናቸው?

ሆሳዕና ላይ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ያን ዕለትም አልቀረም። ሴች ዱና ሰፈር፣ የቆርቆሮው ጩኸት ወሬን ሁሉ በሚውጥበት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለአንድ አዛውንት የግድያ ታሪክ እያወራሁ ነበር። ነገሩን የጀመረችው የልጅ ልጃቸው ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቡናውን ቀድታ ስትቀመጥ ከቦርሳዬ ብቅ ያለውን መጽሐፍ አየችና «ስለ ምንድን ነው?» አለችኝ። የአጋታ ክሪስቲ መጽሐፍ ነበር። ርእሱን «ከዚያም አንድም አልቀረም» ብዬ ተረጎምኩላት። አዛውንቱ ከልጅቷ ቀድመው ጆሮ ሰጡኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ነገር ሲሰሙና የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሞተ ከተባለ ማን፣ የት፣ በምን ምክንያት ብለው ሳይጠይቁ ማለፍ አይሆንላቸውም።

«አሥር ሰዎች ናቸው አባባ» አልኳቸው። «እርስ በርስ አይተዋወቁም። በደብዳቤ ተጠርተው ከእንግሊዝ ጠረፍ ወጣ ብላ ወዳለች ትንሽ ደሴት ይሄዳሉ። ጋባዡ የለም። ማታ እራት በልተው ሲቀመጡ የሸክላ ማጫወቻ ይከፈትና አንድ ድምፅ የእያንዳንዳቸውን ስም እየጠራ ‘አንተ እገሌን ገድለሃል፣ አንቺ እገሊትን ገድለሻል’ ይላቸዋል። ከዚያ አንድ በአንድ መሞት ይጀምራሉ።»

«ድምፁ የማን ነው?»

«እሱ ነው እንግዲህ እንቆቅልሹ።»

መጽሐፉ የታተመው በ1939 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዘመን የወንጀል ሕጋችን አዋጅ ከወጣበት በስተቀር ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይነገርለታል፤ በግድያ እንቆቅልሽ ልብ ወለድ ዘርፍ የሚስተካከለው የለም። የመጀመሪያው ርእሱ ጥቁሮችን ከሚያዋርድ አሮጌ የልጆች ዜማ የተወሰደ ነበር። አሜሪካኖቹ በ1940 ወዲያው ለወጡት፤ እንግሊዞቹ ግን እስከ 1980ዎቹ ድረስ ይዘውት ቆይተዋል። ይህን ለአዛውንቱ አልነገርኳቸውም። ቡናው ገና አንደኛው ስለነበር ገጸ ባሕርያቱን ማስተዋወቅ ነበረብኝ።

አንዳንዶቹን ቶሎ ቶሎ አሳለፍኳቸው። አንቶኒ ማርስተን መልከ መልካም ወጣት ነው፤ መኪናውን ሲያበር ሁለት ሕፃናትን ገጭቶ ገድሏል፤ የቆጨው ደግሞ መንጃ ፈቃዱን መነጠቁ ነው። ሮጀርስና ሚስቱ የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ያገለግሏት የነበረች ሴትዮ በታመመች ሌሊት መድኃኒቷን ሳይሰጧት በመቅረታቸው ሞታለች፤ ውርስ ነበራቸው። ብሎር የቀድሞ ፖሊስ ነው፤ በሐሰት መስክሮ ንጹሕ ሰው አስፈርዶበታል፤ ሰውየው እስር ቤት ሞቷል። ዶክተር አርምስትሮንግ ሰክሮ ቀዶ ጥገና አድርጓል። ጄኔራል ማካርተር የሚስቱን ውሽማ ጦር ሜዳ ላይ እያወቀ ወደ ሞት ልኮታል። አዛውንቱ እዚህ ጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄስ የዳዊት ነገር ነው» አሉ። እውነትም የኦርዮ ታሪክ ነው፤ ልዩነቱ ባልና ውሽማ ቦታ መለዋወጣቸው ብቻ ነው።

ሦስቱ ላይ ግን ቆየሁ። ዳኛው ዋርግሬቭ በችሎት ዘመኑ ብዙ ሰው ያሰቀለ፣ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው፤ የሚከሰሰው አንድን ተከሳሽ ዳኞቹን አሳምኖ ወደ ገመድ በመላክ ነው። ቬራ ክሌይቶርን ወጣት አስተማሪ ናት፤ ትጠብቀው የነበረ ሕፃን ባሕር ውስጥ ሰጥሟል፤ ያ ሕፃን ባይኖር ኖሮ የምትወደው ሰው ወራሽ ይሆን ነበር። ኤሚሊ ብሬንት ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ከእጇ የማይለይ አሮጊት ናት፤ ቤት ውስጥ ታገለግላት የነበረች ልጅ ከጋብቻ ውጪ ብታረግዝ አባረረቻት፤ ልጅቷም ራሷን ወንዝ ውስጥ ጣለች። አሮጊቷ ግን አንድም ሌሊት እንቅልፍ አላጣችም። ተማሪዋ ይህችን አሮጊት ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «እንደዚህ ዓይነት ሴትዮ አውቃለሁ» አለች። ማን እንደሆነች አልነገረችንም፤ አያቷም አልጠየቁም።

አሥረኛው ፊሊፕ ሎምባርድ ነው። ቅጥረኛ ወታደር፣ ሽጉጥ ታጣቂ፣ ቀልደኛ። ክሱ እንዲህ ነው፦ በየካቲት 1932 የምሥራቅ አፍሪካ ጎሣ አባላት የሆኑ ሃያ አንድ ሰዎችን ለሞት ዳርጓል። ጫካ ውስጥ መንገድ ጠፍቷቸው ነበር፤ እሱና ሁለት ሦስት ነጮች የተረፈውን ስንቅ ይዘው ሄዱ፤ ሃያ አንዱ ቀሩ። ከአሥሩ መሐል የተከሰሰበትን በመጀመሪያው ሌሊት ሳያፍር «እውነት ነው» ያለ እሱ ብቻ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ሞትን እንደ አውሮፓውያን አያከብዱትም ብሎም ያክላል።

አዛውንቱ ስኒውን አስቀመጡት። ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር።

«ሃያ አንዱ የማን ልጆች ናቸው?»

«መጽሐፉ አይልም አባባ።»

«ስማቸውስ?»

«የለም።»

«ጎሣቸው?»

«የለም። የምሥራቅ አፍሪካ ጎሣ ይላል፤ በቃ።»

መጽሐፉን ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ገዳዩን ስፈልግ ነው ያለፈኝ። ሌሎቹ ሟቾች ስም አላቸው። በመኪና የተገጩት ሕፃናት፣ የሰጠመው ልጅ፣ የተባረረችው ገረድ፣ ሁሉም ከነአባት ስማቸው ከሸክላው ላይ ይጠራሉ። በቁጥር ብቻ የተጠሩት ሃያ አንዱ ናቸው። ደሴቲቱ ላይ ስለ እነሱ የሚነሳው ወሬም አጭር ነው፦ ቬራ እነሱ እኮ የአገሬው ሰዎች ብቻ ናቸው በሚል ስሜት ትናገራለች፤ የምትቆጣት ያቺ ልበ ድንጋይ አሮጊት ብሬንት ናት፤ ጥቁርም ነጭም ወንድሞቻችን ናቸው ትላታለች። ክሪስቲ እውነቱን ማንም በማይወዳት ሴት አፍ ማስገባቷ ሆን ብላ ይሁን ሳታስበው፣ እኔን ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያስገርመኝ ይህ ነው።

ልጅቷ የትምህርት ቤት ጥያቄ ይዛ መጣች። «በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የልብ ወለድ አላባውያን ብለን ተምረናል፤ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ሴራ። የዚህ መጽሐፍ ሴራው ምንድን ነው?»

አያቷ ሳቁ። «ሴራ አልሽ?»

የሳቃቸውን ምክንያት ለመረዳት የሃዲያን ወይም የከምባታን ሰው መሆን ይረዳል። በአማርኛ ሴራ ማለት በድብቅ የሚጠነሰስ ተንኮል ነው፤ የሥነ ጽሑፍ መምህራኑ ደግሞ ክስተቶች በምክንያትና በውጤት የሚያያዙበትን ገመድ ሴራ ይሉታል። በሃዲይሳና በከምባትሳ ግን ሴራ ሕግ ነው። ሰው ከሰው የሚኖርበት ደንብ፣ ልቅሶ የሚደረስበት፣ የበደለ የሚቀጣበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሥርዓት ሁሉ ሴራ ነው። አዲስ አበባ ላይ «ሴረኛ» ብትለው የሚጣላህ ሰው አለ፤ እዚህ ሴራ የሌለው ሰው ነው የሚፈራው።

ሦስቱ ትርጉሞች የሚገናኙበት አንድ የልብ ወለድ ዓይነት ቢኖር የግድያ እንቆቅልሽ ነው። ተንኮል አለ፣ የታሪክ ገመድ አለ፣ መጨረሻ ላይም ሕግ ይመጣል። የሚለያዩት ሕጉ መቼ ሥራ ይጀምራል በሚለው ላይ ነው። በክሪስቲ መጽሐፎች አብዛኛውን ጊዜ መርማሪው ሁሉንም አንድ ሳሎን ውስጥ ሰብስቦ ገዳዩን በጣቱ ሲያሳይ ታሪኩ አበቃ። አዛውንቱ በሚያውቁት ሴራ ገዳዩ ሲታወቅ ሥራው ገና ተጀመረ። የገዳይ ወገን ከገበያና ከመንገድ ይሸሻል፤ የሟች ወገን ቂም እንዳይዝ ሽማግሌ ይገባል፤ የደም ካሳው ይነገራል፤ መሐላው ይፈጸማል፤ ሁለቱ ጎሣዎች ከአንድ ምንጭ ውኃ እንዲቀዱ እስኪደረግ ድረስ ነገሩ አላለቀም። «ገዳዩንማ ብዙ ጊዜ ሰው ያውቀዋል» አሉኝ። «ጭንቁ ከዚያ በኋላ ነው።»

የእንቆቅልሹ ደራሲዎች ግን ጭንቃቸው ከዚያ በፊት ያለው ነበር፤ ደንብም አውጥተውለታል። በ1929 ሮናልድ ኖክስ የሚባል የካቶሊክ ቄስ፣ እሱም ደራሲ ነው፣ አሥር ትእዛዛት ጻፈ። ወንጀለኛው ከመጀመሪያ አንስቶ አንባቢ የሚያውቀው ሰው መሆን አለበት፤ መናፍስት አይግቡበት፤ ከአንድ በላይ ምስጢራዊ መተላለፊያ አይኑር፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አምስተኛው ትእዛዝ ታሪኩ ውስጥ ቻይናዊ አይግባ ይላል። ኖክስ ይህን ያለው በዘመኑ ርካሽ ልብ ወለዶች ክፉውን ሁሉ ቻይናዊ ያደርጉ ስለነበር በሹፈት ነው ይባላል። ይሁን። ያም ሆነ ይህ የተጠርጣሪዎቹ ክብ የማን እንደነበረ ይናገራል፤ ሩቅ አገር ሰው እንደ ገዳይም አይፈለግም ነበር።

ያ ክብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደራሲዎቹ ደሴት፣ በበረዶ የታገደ ባቡር፣ ከመንገድ የራቀ ትልቅ ቤት እየፈለጉ ሰዎችን ይዘጉባቸዋል፤ ከውጭ ማንም አልገባም፣ ከውስጥ ማንም አይወጣም፣ ገዳዩ ከእናንተ አንዱ ነው። የእኛዎቹ አፈርሳታ ይሉት ነበር፤ አውጫጭኝ የሚለውም አለ። ሌብነት ወይም ግድያ ሲደርስ የአካባቢው ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ የቀረ ይቀጣል። ሰው በግልጽ ለመጠቆም ስለሚፈራ ምስጢሩ በሹክሹክታ ይመጣል፤ ጠቋሚው «ወፍ» ነው፤ ሽማግሌው የሚናገረው ወፍ ነገረኝ ብሎ ነው። ካልተገኘ አገሩ ሁሉ ይከፍላል። ንጉሠ ነገሥታዊው መንግሥትም ለረዥም ጊዜ ተጠቅሞበታል። ክሪስቲ ይህን ብታውቅ ኖሮ ፖይሮ የሚባለውን ባለ ሪዙን ቤልጂጋዊ ሥራ አስፈትታ ወፎቹን ትቀጥር ነበር እላለሁ።

አንድ ልዩነት ግን አለ። በእንግሊዙ ክብ አንዱ ጥፋተኛ ሲገኝ ሌሎቹ ንጹሕ ሆነው ቁርሳቸውን ይበላሉ። በአፈርሳታ ግን ጥፋተኛው እስኪገኝ ሁሉም ባለ ዕዳ ነው። ክሪስቲ ራሷ ወደዚህ የቀረበችው በ1934 ባሳተመችው የባቡሩ ታሪክ ነው (ያላነበበ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ይዝለል)። እዚያ ብዙ ተጠርጣሪዎች አሉ፤ «ከእነዚህ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ «ሁሉም» ነው።

የወንጀል ሕጋችን፣ በ1996 የወጣው አዋጅ 414፣ ለአሥሩ ምን ያደርጋቸው ነበር ብዬ ማሰቤ አልቀረም። ማርስተን ቀላል ነው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል አንቀጽ 543 ላይ አለ። አርምስትሮንግም እዚያው ይወድቃል። አደጋ ላይ ያለን ሰው እየቻሉ አለመርዳት 575 ላይ ስላለ ሮጀርስና ሚስቱ ቢያንስ ከዚያ አያመልጡም። ብሬንት ታመልጣለች። ሎምባርድን መክሰስ ይቻል ነበር፤ ግን ማን ይከሰዋል? ምስክር ሊሆኑ የሚችሉት ሞተዋል፤ የሄዱት አብረውት ስንቁን የበሉ ናቸው። የመጽሐፉ ሐሳብ ራሱ ሕግ ያልደረሰባቸው ሞቶች ምን ይሁኑ የሚል ስለሆነ ዝርዝሩን መቀጠል አያስፈልግም።

በማግሥቱ ወደ ዱራሜ ሄድኩ። በአንጋጫ በኩል ያለው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ግራና ቀኙ እንሰት፣ ሲጠራ ሐምበሪቾ ተራራ ከፊት ይቆማል። በየከተማው የምታየው አዲስ ፎቅ ከየት መጣ ብለህ ብትጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ ደቡብ አፍሪካ። ከሃዲያና ከከምባታ ወጣቶች በብዛት መሄድ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏል። ጆሃንስበርግ ውስጥ ጄፒ የሚሉት ሰፈር የሐበሻ ገበያ ነው፤ ከዚያ ወደ ጥቁሮቹ መንደሮች፣ ልጆቹ «ሎኬሽን» ወደሚሉት፣ ይበተናሉ፤ ትንንሽ ሱቅ ይከፍታሉ። የተሳካለት ወንድሙን ይጠራል። የተጠራው ሞያሌን ያልፋል፤ ኬንያ፣ ታንዛንያ፣ ማላዊ ወይም ዛምቢያ ወይም ሞዛምቢክ እያለ በደላላ እጅ ይወርዳል።

መጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ ከማላዊ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ተከፈተ። ኮንቴይነሩ ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው፣ 14 በሕይወት ተገኙ። ጥቅምት 2022 ሰሜን ማላዊ ምዚምባ ወረዳ ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ በመጀመሪያ 25 አስከሬን ወጣ፣ ሲቆፈር ቁጥሩ ጨመረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ ከሉሳካ ወጣ ብሎ ንጉዌሬሬ በሚባል ቦታ፣ 27 ሰዎች ሞተው መንገድ ዳር ተጥለው ተገኙ፤ አብሯቸው የተጣለ አንድ ሰው ገና ይተነፍስ ነበር። የዛምቢያ ፖሊስ በመጀመሪያ የጠረጠረው ረሃብና ድካምን ነው። ስንቅ የያዘው ሄዷል፤ የቀሩት ቀርተዋል። የሎምባርድን የክስ ወረቀት ቀኑንና ቁጥሩን ብቻ ለውጠህ ብታነበው ያው ነው።

እንቆቅልሹን በደንቡ እንጫወት ካልን ተጠርጣሪዎቹን አንድ ሳሎን እንሰብስብ። ሾፌሩ አለ፤ በሩን የቆለፈው እሱ ነው፤ ጭነቱ ምን እንደሆነ አልነገሩኝም ይላል። ጫካው ውስጥ ያለው አሻጋሪ አለ፤ ስሙ በየድንበሩ ይለወጣል። የሰፈሩ ደላላ አለ፤ እሱ ደግሞ አስቸጋሪ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ለልቅሶ የሚመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያዋጣ፣ ብዙ ጊዜም ዘመድ የሆነ ሰው። ገንዘቡን የላከው ወንድም አለ። ላሟን የሸጠው አባት አለ። ከአጠገቡ የበቀለውን ፎቅ እያየ ልጁን «አንተስ?» ያለ ጎረቤት አለ። የኖክስን ደንብ ብንከተል ከእነዚህ አንዱን መርጠን ሌሎቹን ወደ ቁርሳቸው መላክ ነበረብን። እኔ አልቻልኩም፤ ሾፌሩንና አሻጋሪውን ከአባትየው እኩል ማስቀመጥም ግን አልፈልግም። በር ቆልፎ መሄድና ላም መሸጥ አንድ አይደሉም።

የልብ ወለዱ ሰዎች ሌላም ዕድል አላቸው። የእነሱ ታሪክ በአስከሬን ይጀምራል፤ ሬሳው ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ነው፤ ሰዓቱ ይታወቃል፤ ሐኪም ይመጣል። እዚህ ሞት በመርዶ ይጀምራል። ሽማግሌዎቹ ሌሊቱን ጎረቤት ተሰብስበው ያድሩና ሲነጋጋ በሩን ያንኳኳሉ። እናት የሽማግሌዎቹን ብዛት አይታ ከመናገራቸው በፊት ታውቃለች። ሱቁ ውስጥ በጥይት የሞተ ከሆነ እዚያ ያሉት አዋጥተው አስከሬኑን በቦሌ በኩል ይልኩታል፤ ፎቶው ይሰቀላል፤ ድንኳን ይጣላል። መንገድ ላይ የቀረ ከሆነ ግን ምን ይደረጋል? ስልኩ ከጠፋ ወር፣ ዓመት የሆነው ልጅ ሟች ይሁን ተሰዳጅ ማን ይወስናል? ዱራሜ ላይ ያገኘሁት አንድ ሰው «እኛ ቤት ልቅሶም የለ፣ ደስታም የለ፤ እንዲሁ ተቀምጠናል» አለኝ። ያ ቤት ገዳይ እየፈለገ አይደለም። መጀመሪያ የሞተ ሰው መኖሩን የሚነግረው ነው የፈለገው።

ሆሳዕና ስመለስ መሽቶ ነበር። አዛውንቱ ቤት እራት ጠብቆኝ ነበር፤ ልጅቷ መጽሐፉን ከእኔ ተውሳ ግማሽ አድርሳዋለች፤ ገዳዩ ዶክተሩ ነው ብላ ወስናለች። አላረምኳትም፣ አላጸደቅኩላትምም። የእሷ ጉዳይ የጠረጴዛው ላይ አሻንጉሊቶች ነበሩ፤ ሰው በሞተ ቁጥር ከአሥሩ አንዱ ይጠፋል። «የሚያስፈራው ሞቱ አይደለም ጋሼ» አለችኝ፣ «መቆጠሩ ነው።»

ሁለት ሰዓት ገደማ ስልኩ በኢሞ ጠራ። የአዛውንቱ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፣ እዚያው ያድራል። ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፤ ዘራፊ ሌሊት ስለሚመጣ ሱቁን ትተው አይሄዱም፤ ፍራሹ ከዱቄቱ ማዳበሪያ ኋላ ተዘርግቷል። ደራሲዎቹ «የተቆለፈው ክፍል» የሚሉት ጨዋታ አላቸው፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ሳለ ሰው ሞቶ ይገኛል፤ ገዳዩ እንዴት ገባ እንዴት ወጣ እያሉ ሦስት መቶ ገጽ ያስኬዱሃል።

«በሩን ዘጋህ?» አሉት አዛውንቱ።

«ዘግቻለሁ አባባ።»

«የብረቱንስ?»

ልጁ ስልኩን አዙሮ አሳያቸው። ፍርግርጉ፣ ሰንሰለቱ፣ ሁለት ቁልፍ። ከኋላው የለስላሳ ሳጥን ተደርድሯል፤ ሌላ ሰው ጥግ ላይ ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ዛሬ ስንት ናችሁ?»

«አራት ነን። ሦስቱ አዲስ የመጡ ናቸው፣ ትናንት ገቡ።»

«በየት መጡ?»

ዝም አለ። ከዚያ «በዚያው በመንገዱ» አለ።

አዛውንቱ ወደ እኔ አላዩም። ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፤ ቪዲዮ መሆኑን ረስተውት ነበር፤ እኛ የምናየው የሽበታቸውን ጥላ ብቻ ሆነ።

«ስማቸውን ንገረኝ» አሉት። «ከነአባታቸው። የማን ልጆች እንደሆኑ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደወጡ። ቤተሰቦቻቸው ጋ ሰው እልካለሁ።»

የመጀመሪያውን ነገራቸው። የሾኔ ልጅ ነው። ሁለተኛውን ነገራቸው። ሦስተኛው ላይ ኔትወርኩ ተቆረጠ።

አዛውንቱ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ጠበቁ።